ውሃው ከጭራ ይጀምር

ባንቴ ውቤ በአንጓ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት የሦስተኛ ደረጃ ሰሚ ነው። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ አሥራ ሰባተኛው ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ያደርጋል፣ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት መጽሐፍ ይነበብለታል። የሚያነብለት ማሽን ነው። እሱ ይሰማል። ሥራው ይኸው ነው።

ነገሩ የመጣው በ2061 ዓ.ም. በወጣው ሕግ ነው። በሳምንት ቢያንስ አርባ ደቂቃ በሰው ጆሮ ያልተሰማ መጽሐፍ ከመደርደሪያ ይነሣል ይላል ሕጉ። አንባቢ ደግሞ ከጠፋ ቆይቷል። ስለዚህ ቤተ መጻሕፍቱ መደርደሪያው ባዶውን እንዳይቀር ሃያ ሰሚዎች ቀጠረ። የትምህርት ማስረጃ አልጠየቀም። ባንቴም ፊደል የቆጠረው በግሉ ነበርና ይህ ተስማማው።

ወንበሩ ይመዘግባል። የሰሚው ሐሳብ ከድምፁ እኩል እየተራመደ መሆኑን፣ ወይም አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ቆሞ መቅረቱን ያውቃል። መቆም ጥፋት ነው። በጥር ወር ባንቴ ዘጠኝ ደቂቃ ቆሟል ተብሎ ተቆጣጣሪው አስጠራው።

"ምን ስታደርግ ነበር?"

"ሳስብ ነበር።"

"እሱን በእረፍት ሰዓትህ" አለው ተቆጣጣሪው፣ ክፋት በሌለው ድምፅ።

ባንቴ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሰማው አንድ መጽሐፍ ነው፤ የመምህር ቢያድግልኝ ዘለለውን። መምህር ቢያድግልኝ ከመቶ ዓመት በፊት እዚያው አንጓ ወንዝ ዳር የኖሩ፣ ገበሬውን አስተባብረው ረጅም የመስኖ ቦይ ያስቆፈሩ፣ ከዚያ ቁጭ ብለው አገር ያላትን እንዴት ተካፍላ እንደምትኖር የጻፉ ሰው ናቸው። ከውሃ ይጀምራሉ፤ ወደ እህል፣ ከእህል ወደ ደመወዝ፣ ከደመወዝ ወደ ትምህርት ይሄዳሉ። ዩኒቨርሲቲው በራፉ ላይ ሐውልታቸውን አቁሟል። 2078 ዓ.ም. መጽሐፉ የተጻፈበት መቶኛ ዓመት ስለሆነ "የማጋራት ዓመት" ተብሏል። ቤተ መጻሕፍቱ የመምህሩን ሐሳብ ለአርባ አንድ ሚሊዮን ሰዎች ማጋራቱን በዚያው ዓመት አስታውቋል።

ይህን ያህል ሕዝብ የተዳረሰው በማሳጠር ነው። ማጋሪያ ክፍል የሚባል አለ። መጀመሪያ መጽሐፉን ወደ አሥር ገጽ አሳጠረው፤ ጥቂት ሰው አየው። አሥሩን ገጽ ወደ አንድ ገጽ፣ አንዱን ገጽ ወደ አንድ አንቀጽ አወረደው፤ የሚያየው ሰው በዛ። በሰባተኛው ዙር ሦስት ቃል ቀረ፦ "ቅደም ተከተል ይከበር።" ይህ በሰፊው ተጋራ። አሁን በየሆስፒታሉ፣ በየጣቢያው፣ ሰው በተሰለፈበት ሁሉ ግድግዳ ላይ ከመምህሩ ፎቶግራፍ በታች ይታያል።

ሙሉውን መጽሐፍ የሚሰሙት ሰሚዎቹ ብቻ ናቸው። እነሱም ሲቀጠሩ መስቀል ነክተው ወይም እንደየሃይማኖታቸው ይምላሉ፤ የሰሙትን ለማንም ላያጋሩ። ማጋራት የማጋሪያ ክፍል ሥራ ነዋ።

*

የካቲት መጨረሻ፣ ሰኞ ቀን፣ በምሳ ሰዓት አንዲት ሴት ወደ መረጃ ጠረጴዛው መጡ። ባንቴ ጾም ላይ ስለነበር ምሳ የለውም፤ ጠረጴዛው አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ሰዓቱን ይጠብቃል። ሴትዮዋ ወይዘሮ ይታይሽ ይባላሉ። የመጡት ከጉርድ ሜዳ፣ ከአንጓ ቦይ ጭራ፣ ውሃው መጨረሻ ከሚደርስበት መንደር ነው። ጫማቸው ላይ ያለው አፈር ደርቆ ነጭ ሆኗል።

"የመምህር ቢያድግልኝን ቃል እንድታወጡልኝ ነው የመጣሁ" አሉ።

ጠረጴዛው ላይ ያለችው ሠራተኛ ሳምራዊት ትባላለች፤ ትሑት ልጅ ናት። "እሺ እናቴ። አባልነትዎ የቱ ነው? የራስ፣ የወገብ ወይስ የጭራ?"

"እሱ ደግሞ ምንድን ነው?"

"በመምህሩ ቦይ የተሰየመ ነው። የጭራ አባል ማጠቃለያውን ያያል። የወገብ አባል የማጠቃለያውን ማብራሪያ ያያል። የራስ አባል ዋናውን ለማየት ማመልከት ይችላል።"

"እኛ እንግዲህ በቦዩም ጭራ ነን፤ በእናንተም ቤት ጭራ እንሁን።"

"ማጠቃለያውን ላንብብልዎት?"

"አንብቢልኝ።"

"ቅደም ተከተል ይከበር።"

ወይዘሮ ይታይሽ ጠበቁ። "እሺ፣ ቀጥይ።"

"አለቀ።"

"አንቺ ልጅ፣ ይሄንኑማ በር ላይ ተሰልፌ ሳነበው ነው የዋልሁት።"

"አዎ፤ በሁሉም ቦታ ተጋርቷል" አለች ሳምራዊት፣ ደስ ብሏት።

ወይዘሮ ይታይሽ ክርናቸውን ጠረጴዛው ላይ አሳረፉና ነገሩን ከሥሩ አስረዱ። የቦዩን በሮች የሚከፍትና የሚዘጋው አሁን ሰው ሳይሆን ደልዳይ የሚባል ማሽን ነው። ደልዳዩ የመምህሩን ሐሳብ እንዲከተል ታዟል፤ የመምህሩ ሐሳብ ደግሞ "ቅደም ተከተል ይከበር" ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተል ያከብራል፤ መጀመሪያ ለላይኛው እርሻ፣ ቀጥሎ ለመካከለኛው፣ ከተረፈ ለጉርድ ሜዳ። ዘንድሮ ውሃው የደረሳቸው የቦዩ በር በተከፈተ በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ነው። የአርባ ሦስት አባወራ የሽንኩርት ችግኝ አንገቱን ደፍቷል። ሐሙስ የቦይ ጉባኤ ተቀምጦ የወቅቱን ተራ ያጸድቃል። ሐሙስ እንዳለ ከጸደቀ፣ የዘንድሮ ሽንኩርት የለም።

"መምህሩ እንዲህ አላሉም" አሉ። "አማቼ እኮ የውሃ አባት ነበሩ፤ ውሃ የሚያካፍሉ ሽማግሌ። መጽሐፉን በጃቸው ይዘው 'ከጭራ ነው የሚጀመረው' ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።"

"መጽሐፉ አለዎት እናቴ?"

"የናንተ ሰዎች ወሰዱት። 'እናንተ ዘንድ ጭስም አይጥም አለ፤ በደህና ቦታ እናስቀምጥላችሁ' ብለው። ደህና ቦታ ነው ያለው?"

ሳምራዊት ሰሌዳዋን ተመለከተች። "በጣም ደህና ቦታ ነው። ምድር ቤት ነው። ብርሃን አይገባበትም፣ አየር አይነካውም። ማሽኑ ገጾቹን አንዴ ከቀዳ ወዲህ ሃያ ሁለት ዓመት ማንም አልከፈተውም።"

"ተመስገን" አሉ ወይዘሮ ይታይሽ፤ ይህን ያሉት አመስግነው ይሁን አዝነው ከፊታቸው አይለይም። "ታዲያ እስከ ሐሙስ ታወጡልኛላችሁ?"

"መጀመሪያ የራስ አባል ለመሆን ያመለክታሉ፤ ምላሹ በአሥራ አንድ ወር ውስጥ ይደርስዎታል። ተራዎን ጠብቀው ከሆነ ማለት ነው።"

ባንቴ ከአግዳሚው ላይ ሁሉንም ሰማ። ገጽ አንድ መቶ አሥራ ሁለት ነው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያውቀዋል። ማሽኑ የት ላይ ትንፋሽ እንደሚወስድ እንኳ ያውቃል።

በራፍ ድረስ ተከትሎ ሄደና፣ መኪና ሲጠብቁ አገኛቸው።

"እትዬ" አላቸው፣ "አልተሳሳቱም።"

"አንተ ማን ነህ?"

"እዚህ ቤት ሰሚ ነኝ።"

"ሰሚ ከሆንህ ሰምተሃላ። ንገረኛ።"

"ምያለሁ።"

"በምን?"

"መስቀል ነክቼ።"

ሴትዮዋ ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው ሰበሰቡ።

"እንግዲያማ ዝም በል ወንድሜ። መሐላ መሐላ ነው፤ እኔ አፍርስ አልልህም።" መኪናው መጥቶ ሲገቡ ዞር አሉ። "ችግኙ ግን አልማለም። እሱ ይደርቃል።"

*

ማክሰኞ ባንቴ ፈቃድ ጠይቆ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። የንስሐ አባቱ መምሬ አድማሱ ከቅዳሴ ወጥተው ዕቃ ቤቱ ጥግ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ዕድሜያቸው ሰማንያ አልፏል። ሲናገሩ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ።

"ይፍቱኝ አባቴ።"

"እግዚአብሔር ይፍታህ። ምን ሆነህ ነው በሥራ ቀን?"

"አንድ መሐላ አለብኝ። የሰማሁትን ላላጋራ ምያለሁ።"

"የሰማኸው ምንድን ነው?"

"እሱን እኮ ነው የማላጋራው።"

መምሬ አድማሱ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ሸፈኑ። "እሺ። ዝም ስትል የሚጎዳ ሰው አለ?"

"አርባ ሦስት ቤተሰብ።"

"ብትናገርስ የሚጎዳ አለ?"

ባንቴ አሰበ። እዚህ ቦታ የሚመዘግብ ወንበር ስላልነበረ ረጋ ብሎ አሰበ። "እኔ እጎዳለሁ። ከሥራዬ እወጣለሁ።"

"ሌላስ?"

"ሌላ የለም።"

ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፈኑ። "ለመሐላው ሲል የጻድቅ አንገት ያስቆረጠ ንጉሥ ነበር፤ ታውቀዋለህ። መሐላውንማ ጠብቋል።"

ባንቴ ወደ መሬት አየ። "እንግዲያ ይፍቱኛል?"

"አልፈታህም።"

"እንዴት አባቴ?"

"አሁን ፈትቼህ ብትሄድ መሐላ ይቀልብሃል። ነገ በሌላው ትምልና ለሌላው ትመጣለህ። ሂድና ተናገር። ከተናገርህ በኋላ አፍርሼ መጣሁ በለኝ፤ ቀኖናህን እሰጥሃለሁ። መቶ ስግደት አያንስህም።"

"ጉልበቴ ያመኛል አባቴ።"

"መቶ ሃያ" አሉ መምሬ አድማሱ።

*

ሐሙስ የቦይ ጉባኤ በቤተ መጻሕፍቱ አዳራሽ ተቀመጠ። ቦታው የተመረጠው በማጋራት ዓመት ምክንያት ነው። ከመድረኩ ጀርባ የመምህሩ ፎቶግራፍ፣ ከሥሩ ሦስቱ ቃላት ተሰቅለዋል። በቀኝ በኩል ከላይኛው እርሻ የመጡት፣ በመካከል የመካከለኛዎቹ፣ ከኋላ በሩ አጠገብ የጉርድ ሜዳ ሰዎች ተቀምጠዋል፤ ሰሚዎቹም አዳራሹን እንዲሞሉ ታዘው በግራ በኩል ተደርድረዋል። ቅደም ተከተሉን ያስከበረ አስተናጋጅ ነበረ።

የጉባኤው ሰብሳቢ አቶ ሽባባው ይባላሉ፤ ስብሰባ በቶሎ እንዲያልቅ ከመፈለግ በቀር ሌላ ዓላማ አላቸው ብሎ የሚጠረጥራቸው ሰው የለም። መጀመሪያ የቤተ መጻሕፍቱ ዳይሬክተር ዶክተር ማክቤል ንግግር አደረጉ። ስለ አርባ አንድ ሚሊዮኑ ተናገሩ። "መምህራችን ዛሬ ቢኖሩ፣ ሐሳባቸውን በዚህ ስፋት ሲጋራ አይተው ራሳቸውም ባላወቁት ነበር" አሉ። ተጨበጨበ። ከኋላ አንድ ሰው ብቻ ሳቀ።

ቀጥሎ የላይኛው እርሻ ጠበቃ ተነሥተው ተራው እንዳለ እንዲጸድቅ ጠየቁ። ጣታቸውን ወደ ግድግዳው ቀሰሩ። "ቃሉ እዚያ ተጽፏል" አሉና ተቀመጡ።

ወይዘሮ ይታይሽ ዕድል ተሰጣቸው። "ቃሉ ተቆርጧል" አሉ። "መምህሩ ያሉት ከጭራ ነው።"

"ማስረጃ አለዎት እናቴ?" አሉ አቶ ሽባባው።

"አለኝ። እዚሁ ቤት፣ ከእግራችሁ ሥር ምድር ቤት ተኝቷል። አሥራ አንድ ወር ጠብቂ አሉኝ። ሽንኩርቱን አሥራ አንድ ወር ጠብቅ ልበለው?"

"ማስረጃ ካልቀረበ እንግዲህ…" ሰብሳቢው ወረቀታቸውን መሰብሰብ ጀመሩ።

ያን ጊዜ ባንቴ ከሰሚዎች ረድፍ ተነሣ። ኮፍያውን አወለቀ፣ አማተበ፣ እጆቹን ከፊቱ አጣመረ። ማሽኑ እንደሚያደርገው የገጹን ቁጥር አስቀድሞ፣ ድምፁን ሳያነሣ ጀመረ።

"ገጽ አንድ መቶ አሥራ ሁለት። ውሃው ከጭራ ይጀምር። በቦይ ራስ ያለ ሰው ራሱን አይረሳም፤ ማንም ሳያስታውሰው ይጠጣል። ሥርዓት የሚሠራው ለሚረሳው ነው። ራሱ ጠጥቶ ጭራው የደረቀበት ቦይ፣ ቦይ አይባልም፤ የአንድ ሰው ጉሮሮ ነው። ደግሞ ውሃ ከጭራ ሲጀምር በመንገዱ ያለው ሁሉ ይጠብቀዋል፤ እንዳይፈስ፣ እንዳይሰረቅ፣ ምክንያቱም የእሱ ተራ የሚመጣው ያኛው ሲደርሰው ነው። እህልም እንዲሁ። ደመወዝም እንዲሁ። ትምህርትም እንዲሁ። መጨረሻ የቆመውን አስቀድም፤ ፊተኛው ራሱ ይጠብቅሃል።"

ከኋላ ያሉት የጉርድ ሜዳ ሰዎች እንኳ አላጨበጨቡም።

የላይኛው እርሻ ጠበቃ በዝግታ ተነሡ። "የተከበሩ ሰብሳቢ፣ ይህ ሰው ያማረ ነገር ተናግሯል። ከየት አመጣው? ከሆዱ ነው። ማንኛውም ሰው ተነሥቶ 'መምህሩ እንዲህ ብለዋል' ማለት ይችላል። ውድቅ ይደረግልን።"

"ከሆዱ?" አሉ ዶክተር ማክቤል።

ዳይሬክተሩ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ነበር። ፊታቸው ቀልቷል። ሃያ ሰሚ ቀጥረው፣ ሃያውን አስምለው፣ እንዲህ ያለ ነገር ደርሶባቸው አያውቅም።

"ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ከሆዱ አይደለም። ይህ ሰው የኛ ሠራተኛ ነው፤ የቤተ መጻሕፍቱን ንብረት ነው አውጥቶ እዚህ የዘረገፈው። አሁኑኑ አረጋግጣለሁ።" መዳፋቸው ላይ ያለውን መሣሪያ ነካ ነካ አደረጉ። "ይኸው። የተናገረው ከገጽ አንድ መቶ አሥራ ሁለት ጋር መቶ በመቶ ይመሳሰላል። አንድ ፊደል ከራሱ አልጨመረም። ይህ ስርቆት ነው።"

አቶ ሽባባው መሰብሰብ የጀመሩትን ወረቀት መልሰው አስቀመጡ። "ይደገምልኝ ዶክተር። አንድ ፊደል አልጨመረም?"

"አልጨመረም፣ አላጎደለም።"

"ከመምህሩ መጽሐፍ ነው?"

"ከመምህሩ ከራሳቸው መጽሐፍ፣ ምድር ቤት ካለው ከዋናው ቅጂ። እስከ ትንፋሽ መውሰጃው ድረስ ሰርቆታል።"

ጠበቃው እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አሳረፉ። "ዶክተር፣ ይቀመጡ" አሉ ቀስ ብለው። "እባክዎ ይቀመጡ።"

"አልቀመጥም። በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ።"

"ያዝ" አሉ አቶ ሽባባው ጸሐፊያቸውን። "ቤተ መጻሕፍቱ ቃሉ የመምህሩ መሆኑን አረጋግጧል። ጉባኤው የተሰረቀውን ንብረት መርምሮ ትክክለኛ ሆኖ አግኝቶታል። ደልዳዩ በዚሁ ይታዘዝ። ሌላ ጉዳይ አለ? የለም። ተነሡ።"

*

ባንቴ በማግስቱ ከሥራ ተሰናበተ። ደብዳቤው ለሰባት ዓመት በቤተ መጻሕፍቱ ቅጥር ውስጥ ማንኛውንም መጽሐፍ እንዳይሰማ ይከለክለዋል። ሳምራዊት ደብዳቤውን ስትሰጠው "እኔ አልጻፍሁትም አያ ባንቴ" አለችው። አሥራ ሰባተኛው ወንበር በዚያው ቀን ሌላ ሰው ተቀመጠበት።

የቤተ መጻሕፍቱ የዓመቱ ሪፖርት ነገሩን በአንድ መስመር ጠቅሶታል፦ "የመምህሩ ሐሳብ በአካል ለስልሳ ሁለት ሰዎች ተጋርቷል፤ ይህም ተቋሙ ከተመሠረተ ወዲህ ከፍተኛው ነው።" ማጠቃለያውም ተስተካከለ፤ "ከጭራ ጀምሮ" የሚሉ ሁለት ቃላት ተጨመሩበት። በርዝመቱ ምክንያት የመጋራት ፍጥነቱ መቀነሱን ማጋሪያ ክፍል በቅሬታ ገልጿል።

ባንቴ ግን ይህን ሁሉ አላየም። ቀኖናውን ከጨረሰ በኋላ፣ ሰኞ ጠዋት፣ ጉልበቱን እያሸ ወደ ጉርድ ሜዳ ሄደ። ሲደርስ ውሃው ቀድሞት ደርሷል። ደፍርሶ፣ ገለባና ቅጠል እየገፋ፣ ከአንዱ መደብ ወደ ሌላው እየተላለፈ ይሄዳል። ሰዎቹ ቁምጣቸውን ሰብስበው፣ መደቡን በአካፋ እየቀደዱ ያስገባሉ። የተደፋው ችግኝ ሁሉም አልተነሣም፤ የሚነሣው ግን እየተነሣ ነው።

ሲያርፉ ዙሪያውን ተቀመጡ። ቆሎ ተሰጠው። ጫኔ የሚባል ቀልደኛ ጎልማሳ ትከሻውን መታ አደረገው።

"አንተ ሌባ፣ እንኳን ደህና መጣህ።"

"እንኳን ደህና ቆያችሁ።"

"እስቲ ያንን ነገር ድገምልን። 'መጨረሻ የቆመውን አስቀድም' የምትለዋን።"

ባንቴ ደገመላቸው። ሰዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። አንዳንዶቹ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ይዘውታል። ወይዘሮ ይታይሽ ቆሎውን እያሹ ሲያዳምጡ ቆዩና ጠየቁ።

"ከዚያስ ምን ይላሉ መምህሩ?"

"ከየት በኋላ እትዬ?"

"ከገጹ በኋላ። መጽሐፍ እኮ እዚያ ላይ አይቆምም።"

ባንቴ ቆሎውን በእጁ ይዞ ትንሽ ዘገየ። "ገጽ አንድ መቶ አሥራ ሦስት አለ።"

"በለዋ።"

"ቀድሞ የጠጣ፣ ቀድሞ ይጥረግ። ቦዩን ደለል እንዳይሞላው ከራስ ጀምሮ የሚጠርገው ጭራው ነው፤ ስጦታ የተቀበለ ሰው እጁን አጣጥፎ ከተቀመጠ፣ እሱም በተራው ራስ ሆኗልና።"

ጫኔ አንገቱን አቅንቶ ወደ ላይ አየ። ቦዩ በተራራው ወገብ ዞሮ፣ ከላይኛው እርሻ አጥር አልፎ ይሄዳል። አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር ነው።

"ከራስ ጀምሮ ማለት… ከዚያ? ከነዚያ ሰዎች አጥር ሥር?"

"ከዚያ።"

"እነሱ ቆመው እያዩን?"

"መጽሐፉ ስለሚያዩት አይናገርም።"

"አንተ ሰውዬ" አለ ጫኔ፣ "ያቺን ገጽ እንቅልፍ ሸለብ አድርጎህ ብታልፍ ምን ነበረበት?"

ሌሎቹ ሳቁ፤ ግን የተነሣ የለም። አንዱ ወገቡን ያዘ። ሌላው ዛሬ ሰኞ ነው፣ ነገ ይሻላል አለ። ጫኔ ተስፋ ባለው ድምፅ ወደ ባንቴ ጠጋ አለ።

"ለዚህኛውስ ማጠቃለያ የለውም?"

ወይዘሮ ይታይሽ ቀሚሳቸውን አራግፈው አካፋቸውን አነሡ።

"አለው" አሉት። "ተነሥ።"